ያልመጣው ባቡር አሥራ ሁለት ጎማዎች

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ጸሎት፣ ሻይ፣ አንድ ዳቦ። ዳቦው ከትናንቱ ያንሳል። ለሻጩ ነገርሁት። «እትዬ፣ ዓይንዎ ነው» አለኝ። ዓይኔ አይደለም።

ከቀትር በፊት የባቡር ማቋረጫው ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ። አዲሱ ማገጃ ተተክሎ አልቋል። ቀይና ነጭ ቀለም፣ ሁለት መብራት፣ አንድ ደወል። ለማን? በዚህ አሮጌ ሐዲድ ላይ የምታልፈው አንዲት የጥገና ባቡር ናት። እሷም በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማክሰኞ፣ ሲመቻት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘበኛው ኦልጅራ በገመድ ሲያግድላት ኖሯል። ገመዱን ይወጥራል፣ ቀይ ጨርቁን ያውለበልባል፣ ታልፋለች፣ ገመዱን ይጠቀልላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ በግ ብቻ ተገጨ። እሱም የበጉ ጥፋት ነበር።

ናኦድ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከማገጃው ፕሮጀክት መጥቶ አስረዳን።

«ማለቴ... ሲምፕል ነው። ከታች፣ የዕድራችሁ ዕቃ ቤት አጠገብ አንድ ሴንሰር አለ። ከላይ፣ እዚህ ሱቁ አጠገብ ሌላ ሴንሰር አለ። ባቡር ሲገባ ያኛው ጎማውን ይቆጥራል። ሲወጣ ይኼኛው ይቆጥራል። የገባውና የወጣው እኩል ሲሆን ማገጃው ይነሣል። በቃ። ሰው አያስፈልግም።»

ኦልጅራ እዚያው ቆሞ ይሰማል። ገመዱ በእጁ ነው።

«ቆጣሪው ሲሳሳት የሚያርመው ማነው?» አልሁት።

«ሲስተሙ አይሳሳትም፣ ማዘር።»

ማዘር! ስሜ ጦቢያ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። እኔ በተማርሁበት ቤት መልሱ ልክ ሆኖ አሠራሩ ካልተጻፈ ዜሮ ነበር የሚሰጠው። ዜሮ ብቻም አይደለም... መዳፍ ላይ ማስመሪያ።

ኦልጅራ ለጊዜው ይቆያል ተብሏል። የቆርቆሮ የጥበቃ ክፍሉም ለጊዜው የእሱ ነው። ሌላ ቤት እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

አቶ ታዲዎስ አረፉ። ጡረተኛ ሾፌር ነበሩ፤ ቤታቸው ከሐዲዱ ዳር፣ ከማገጃው በታች። ጨዋ ሰው። ነፍሳቸውን ይማር።

ዕድሩ በሰዓቱ ደረሰ። ድንኳን አንድ፣ አግዳሚ ወንበር አሥራ ስድስት፣ ድስት አራት። እንደ ጸሐፊነቴ ቆሜ መዝግቤ አስወጣሁ። መንገዱ ለግንባታ ስለተቆፈረ የዕድሩን ዕቃ ጋሪ በሐዲዱ ላይ ገፉት። ይህ በነሐሴ ስብሰባ በእኔ አሳሳቢነት የተወሰነ ነው፤ ቃለ ጉባኤው በእጄ ተጽፏል። ጋሪው ድሮ ከባቡር ቁርጥራጭ የተበየደ ስለሆነ አራቱም ጎማ ልክክ ብሎ ገጠመ። ሊቀመንበራችን አቶ ኃይለገብርኤል እንኳ ወደዱት። እሳቸው የሚወዱት ነገር ጥቂት ነው።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ድንኳኑ ተነሣ። ዕቃው እንደ ልማዱ በሌላ መንገድ ተመለሰ። የሐዘን ዕቃ በሄደበት ከተመለሰ ሞት መንገዱን ይለምዳል ይላሉ ሽማግሎቹ። እኔ አላምንበትም። ግን ደንብ ነው። ጋሪው ከነጎማው ፒካፕ ላይ ተጭኖ በቡልጋሪያ ሰፈር በኩል ዞሮ ዕቃ ቤት ገባ። አንድ ማንኪያ ጎድሎ ነበር፤ ተገኘ።

አዲሱ ማገጃ ከዓርብ ጀምሮ እንደወረደ ነው። አራተኛ ቀኑ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

አሁንም ወርዷል። መብራቱ ይበራል፣ ደወሉ ይደወላል። መኪኖች ተሰልፈው ተሰልፈው እየተሳደቡ ይዞራሉ። እግረኛው ግን ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ፖሊስ... ሁሉም ዝቅ።

እኔ አላልፍም። ማገጃ ወርዷል ማለት ቁም ማለት ነው።

«እትዬ፣ ዝቅ ብለው ይለፉ፤ ባቡር የለም እኮ» አለኝ ኦልጅራ።

«አለመኖሩን ማን ነገረህ?»

«ዓይኔ።»

«መብራቱ ግን አለ ይላል።»

አንድ ሰዓት ከሩብ ቆሜ ዞርሁ። በመስቀል ፍላወር በኩል ሠላሳ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ስደርስ ሥጋ ቤቱ ተዘግቷል።

ማቋረጫው አጠገብ ሱቅ ያላት ጀሚላ ከኋላዬ ጮኸች፦ «እትዬ ጦቢያ! ባቡሩ ሲመጣ እደውልልዎታለሁ!» ሰው ሳቀ። ይሳቅ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ናኦድ መጣ። ታብሌቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ውስጥ ባቡር አለ።»

«የት?» አለው ኦልጅራ።

«በሁለቱ ሴንሰር መካከል። አራት ጎማ ገብቷል። አልወጣም።»

ሦስታችንም ሐዲዱን አየን። ከላይ እስከ ታች መቶ ሰማንያ ሜትር ነው። አንድ ዶሮ ነበረች።

የጥገናዋ ባቡር ትናንት የቀረችው ለዚህ ነው አሉ። መስመሩ ተይዟል ተብላ ተከለከለች። በሌለ ባቡር ምክንያት ያለችው ባቡር ቀረች... እንዲህ ያለ ሒሳብ አስተምሬ አላውቅም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ቂርቆስ። ዞሬ ሄድሁ። ቅዳሴው አምልጦኛል።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ወይዘሮ ጀማነሽ አረፉ፤ የአቶ ታዲዎስ ጎረቤት። ሲያማቸው ቆይቷል። ዕድሩ ወጣ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፤ ጋሪው በሐዲድ። ሁሉም በሥርዓቱ።

የቀብሩ መኪና በማገጃው ምክንያት በቡልጋሪያ ዞረ። ወይዘሮ ጀማነሽ በሕይወት ዘመናቸው ቡልጋሪያን አይወዱም ነበር።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ናኦድ ሮጦ መጣ። «ጨመረ!» ይላል።

«ምኑ?»

«ባቡሩ! ስምንት ጎማ ሆኗል!»

ጀሚላ ከሱቋ ወጥታ «ወለደ በለኛ!» አለች። እኔ አልሳቅሁም። ግን... ትንሽ ከንፈሬ ሄዷል።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ከፕሮጀክቱ ሦስት መርማሪዎች መጡ። ኮት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የፕላስቲክ ቆብ። ሐዲዱን ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ተራመዱት። አንደኛው ጎንበስ ብሎ የጀሚላን መደርደሪያ ሥር አየ። ባቡር ፍለጋ!

ከዚያ በኋላ ክርክር። ሁኔታው የሚስተካከለው ሦስቱም «መስመሩ ባዶ ነው» ብለው ሲፈርሙ ነው። አንዳቸውም አልፈርምም አሉ።

«ባዶ መሆኑን አይተዋል አይደል?» አልሁት ትልቁን።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ይፈርሙ።»

«እናቴ፣ እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት። ሲስተሙ ስምንት ጎማ ይላል። ነገ ባቡሩ ቢገኝስ? ተጠያቂው እኔ ልሆን?»

ሳምቡሳ በልተው ሄዱ። ጀሚላ ማገጃው ሥር ሳምቡሳ መሸጥ ጀምራለች። የሚቆም መኪና አይጠፋም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

አቶ ዘነበ። አርባ ዓመት በር ለበር ኖረዋል ከወይዘሮ ጀማነሽ ጋር። በሳምንታቸው ተከተሏቸው። የሐዲድ ዳሩ ረድፍ እያለቀ ነው።

ዕቃ በሥርዓቱ ወጣ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

አሥራ ሁለት ጎማ።

ዛሬ ማንም አልሳቀም። ለኦልጅራ ደብዳቤ ደረሰው። ማንበብ ይችላል፤ ግን አምኖ መቀበል አቅቶት ወደ እኔ ይዞት መጣ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁለት፦

«በጥበቃህ ክልል ገብቶ ያልወጣውን ባለ አሥራ ሁለት ጎማ ባቡር እስከ ኅዳር 8 ቀን ድረስ ካላስረከብህ ከሥራ የምትሰናበትና የጥበቃ ክፍሉን የምትለቅ መሆኑን እናሳውቃለን።»

«እትዬ፣ ባቡር ሰርቄአለሁ ነው የሚሉት?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«የት ላደርገው እችላለሁ ግን? ክፍሌ እኮ ሁለት በሁለት ናት።»

በቁም ነገር ነው የጠየቀኝ። ደብዳቤው ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጭ አለው። እንከን የለሽ ደብዳቤ። ያ ነው ያስፈራኝ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ከምሳ በኋላ የዕድሩን መዝገብ ለስብሰባ አዘጋጅ ነበር። የወጪ ዕቃ ዓምድ። ጥቅምት 7፣ ታዲዎስ። ጥቅምት 18፣ ጀማነሽ። ጥቅምት 25፣ ዘነበ።

ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አምስት...

እርሳሱን አስቀመጥሁ። መነጽሬን ጠረግሁ። እንደገና አነበብሁ። ማገጃው የወረደው በሰባት ነው። ስምንት ጎማ የሆነው በአሥራ ስምንት ማግስት። አሥራ ሁለት የሆነው በሃያ አምስት ማግስት።

ጋሪው አራት ጎማ አለው። በታችኛው ሴንሰር ላይ ያልፋል። ለቅሶ ቤት ደጅ ከሐዲዱ ይነሣል። በፒካፕ ይመለሳል። በላይኛው አይወጣም፤ በታችኛውም አይመለስም። አራት ሲባዛ በሦስት አሥራ ሁለት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ስሆን የሌላውን ስሕተት እንጂ የራሴን ይዤ አላውቅም። ዕድሩ ውስጥ ጋሪው በሐዲድ ይሂድ ብሎ ያሳሰበው ማነው? ቃለ ጉባኤው በማን እጅ ተጻፈ?

ባቡሩ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ለማንም አልተናገርሁም። ለምን? ... ኦልጅራ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ሰላም አለኝ። መጋረጃውን ዘጋ አደረግሁ። ነውር ነው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ለናኦድ ደወልሁና አስጠራሁት። መዝገቡን አሳየሁት። ቀኖቹን በጣቱ አንድ በአንድ ተከተለ።

«ማዘር... ማለቴ፣ እትዬ ጦቢያ... እርስዎ ጂኒየስ ነዎት!»

«ጥፋተኛ ነኝ ነው ያልሁህ። አሁን አስተካክለው።»

«አልችልም። እኔ ነካክቼ ዜሮ ባደርገው ራሴ ተባራሪ ነኝ። ሦስቱ ይፈርሙ፤ ወይ ደግሞ ጎማዎቹ ይውጡ።»

«የሌሉ ጎማዎች?»

«አሥራ ሁለት ጎማ በላይኛው ሴንሰር ላይ ማለፍ አለበት። የማንም ይሁን። ሲስተሙ ስም አይጠይቅም።»

ያም ሆኖ ለፕሮጀክቱ ቢሮ የእምነት ቃሌን ጻፍሁ። ሁለት ገጽ፣ ሦስት አባሪ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

መልስ መጣ። በሁለት ቀን! እንዲህ የፈጠነ ቢሮ አይቼ አላውቅም። «ሴንሰሩ የሚቆጥረው ባቡርን ነው። ጋሪ ባቡር አይደለም። ስለሆነም ሴንሰሩ የቆጠረው ጋሪ ሊሆን አይችልም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

አራት ጊዜ አነበብሁት። አሠራሩ ተጽፏል። መልሱም ከአሠራሩ ይወጣል። ዜሮ ልሰጠው አልቻልሁም።

እስኪመሽ ሳልጠብቅ፣ በአሥር ሰዓት አቶ ኃይለገብርኤል ቤት ሄድሁ። ለሐዲዱ የሚገጥም ጎማ ያለው የኛ ጋሪ ብቻ ነው። አልሁ፦ ጋሪውን በሁለቱ ሴንሰር መካከል ሐዲዱ ላይ እናስቀምጠው፣ በላይኛው ላይ ገፍተን እናውጣው፣ አንሥተን በመንገድ እንመልሰው። ሦስት ጊዜ። አሥራ ሁለት ጎማ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት መቱ። «ወይዘሮ ጦቢያ፣ የዕድር ጋሪ ሰው ሳይሞት አይወጣም።»

«ለአንድ ሰው እንጀራ ነው እኮ።»

«ባዶ ድንኳን ሲወጣ ሰው ይጠራል። አባቶቻችን...»

«ደንቡ ላይ የት ተጽፏል?»

«አንቀጽ ዘጠኝ። የጻፉትም እርስዎ ነዎት።»

እውነት ነው። እኔ ነኝ። ያኔ አንዱ ድንኳኑን ለልጁ ሠርግ ሊወስድ ስለነበር...

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ስድስት ቀን ቀረ ብዬ ነበር፤ አራት ነው ለካ። መቁጠር ሲያቅተኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አቶ አምኃ ይስላል ሲሉ ሰማሁ። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው። ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቀው ሄድሁ።

«ምነው ጦቢያ፣ ዛሬ እንዲህ ትክ ብለሽ የምታይኝ?» አለ።

«ደኅና ነህ ወይ ብዬ ነው።»

«ደኅና ነኝ! ሳሉም ለቀቀኝ። ሐኪሙ ልብህ የጎረምሳ ልብ ነው አለኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልሁ። ትንሽ ዘግይቼ።

በመንገድ ላይ ራሴን ያዝሁት። ለካ የሰፈሩን በሽተኛ በሙሉ በልቤ እየዘረዘርሁ ነው። እነማን ተኝተዋል፣ እነማን ሆስፒታል ገብተዋል... አምላኬ ሆይ! ይቅር በለኝ። ቤቴ ገብቼ አርባ ሰገድሁ። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል።

ኦልጅራ ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ማስገባት ጀምሯል። አንድ ከረጢት አልሞላም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ጠዋት መዝገቡን ከፈትሁ። የሟች አባላት ዓምድ። ከዘነበ ሥር መስመሩ ባዶ ነው።

በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ጻፍሁ፦ «ወይዘሮ ጦቢያ። ኅዳር 5።» ፈረምሁበትም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በመዝገቡ የሰፈረ የመጀመሪያው ሐሰት ነው።

ይዤው አቶ ኃይለገብርኤል ዘንድ ሄድሁ። አነበቡ። ቀና ብለው አዩኝ። ደግመው አነበቡ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሞቻለሁ። ጋሪው ይውጣልኝ። ቤቴ ከላይኛው ሴንሰር ማዶ ነው፤ በሐዲዱ ይወጣል።»

«ወይዘሮ ጦቢያ፣ ቆመው እኮ ነው የሚያነጋግሩኝ!»

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«ሞተዋል ይላል።»

«መዝገቡ ተሳስቶ ያውቃል?»

መዝገቡን ዘጉ፣ ከፈቱ። «ኧረ በጭራሽ» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው የሚያዩት ዓይንዎ ነው። ዓይን ደግሞ አይፈርምም።»

ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። ቀስ ብለው፦ «አንቀጽ አሥራ አራትን ያስታውሳሉ?»

እንዴት አላስታውስም! «ዕድሩ አንድን አባል አንድ ጊዜ ብቻ ይቀብራል።» ሆስፒታል ውስጥ ስሙ ተምታቶ አንድ ሰው ሞተ ተብሎ ድንኳን ከተጣለለት በኋላ በእግሩ የመጣ ጊዜ ያረቀቅሁት ነው። በስምንተኛው ዓመት በእውነት ሲሞት ሁለተኛ ድንኳን የለም ብለን... እኔ ነበርሁ የተከራከርሁት። ሚስቱ ዝናብ ላይ ተቀምጣ ሰው ተቀበለች።

«አስታውሳለሁ» አልሁ።

«እንግዲህ ሲሄዱ ምንም የለዎትም። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ። ልጅ የለዎት፣ ወንድም የለዎት...»

«አውቃለሁ አልሁዎት እኮ።»

ከዘራቸውን ፈልገው አጡት። በእጃቸው ነበር።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጥሩምባ ነፊው ነፋ። «ወይዘሮ ጦቢያ አርፈዋል!» እያለ በሰፈሩ ዞረ። በደጄ ሲያልፍ በመስኮት ብቅ ብዬ «ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ከታች አይሰማም» አልሁት። ደንግጦ ጥሩምባውን ጣለ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ሐዲዱ ዳር ነበር። ናኦድ ታብሌቱን ይዞ ላይኛው ሴንሰር አጠገብ ተቀመጠ። ኦልጅራ የሥራ ኮቱን ለብሶ፣ ቀይ ጨርቁን ይዞ ከፊት ቆመ። ጋሪውን በሸክም አምጥተው በሁለቱ ሴንሰር መካከል ሐዲዱ ላይ አስቀመጡት።

መጀመሪያ ድንኳኑ ተጫነ። ተገፋ። ጎማዎቹ እየተንጫጩ አለፉ።

«ስምንት ቀረ!» ናኦድ ጮኸ።

ጋሪውን አንሥተው በመንገድ መለሱት። ወንበሮቹ ተጫኑ። ተገፋ።

«አራት!»

ሦስተኛው የድስቱ ተራ ነበር። አንዱ ገፊ ወገቡን ያዘውና ተቀመጠ። ሰው ጎደለ። እኔ ገፋሁ። ሟች የራሷን ድስት ስትገፋ ያየ ሰው አለ? ጀሚላ ሥራዋን ጥላ ከጎኔ ገባች። «እትዬ፣ ለሞተ ሰው ጉልበትዎ አይጣል ነው!» አለች፤ እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች።

የመጨረሻዎቹ ጎማዎች አለፉ። ደወሉ ቆመ። መብራቱ ጠፋ።

ከዚያ ማገጃው እንደ ሰነፍ ተማሪ እጅ ቀስ... ቀስ... እያለ ተነሣ።

«ዜሮ!» አለ ናኦድ። «ባቡሩ ወጣ!»

ኦልጅራ ጨርቁን አወለበለበ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሕዝቡ እልል ብሎ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ሁሉም ዝቅ ብሎ። ማገጃው ሰማይ ላይ ነው እነሱ ጎንበስ ይላሉ! እኔ ቀጥ ብዬ ተሻገርሁ። በሠላሳ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ድንኳኑ ደጄ ላይ ነው። አንዴ ከወጣ ሦስት ቀን መቆየት አለበት፤ ደንብ ነው። ውስጥ ተቀመጥሁ። የት ልሂድ? ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። ንፍሮ ቀረበልኝ፤ ጨው ይጎድለዋል።

ጀሚላ መጥታ እጄን ያዘች። «አላህ ያጽናዎት።»

«ማንን አጥቼ?»

«ራስዎን ነዋ! ቀላል ሰው ነው እንዴ ያጡት?»

አቶ ኃይለገብርኤል ስም ጠሩ። ከልማዳቸው የእኔንም ጠሩ። «አቤት» አልሁ። ብዕራቸውን እንደያዙ ቀሩ። ለሟች የመገኘት ምልክት የሚደረግበት ቦታ የለም። እኔው ነኝ ዓምዱን ያልሠራሁት።

አምስት ሰው ቀርቷል። አቶ አምኃ ግን መጣ፤ ብርቱካን ይዞልኝ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

የኦልጅራ ደብዳቤ። ራሱ አነበበልኝ፦ «ባለ አሥራ ሁለት ጎማው ባቡር በሰላም መውጣቱ ስለተረጋገጠ በሥራህ እንድትቀጥል ተወስኗል።» ከረጢቱን ፈትቶ ዕቃውን መልሶ ደርድሯል። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ የክፍሉን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ነበር አለች ጀሚላ።

ባቡሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሄደ ማንም አልጠየቀም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ከዕድሩ ደብዳቤ። በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት አገልግሎቴን ስለተቀበልሁ ስሜ ከአባላት ዝርዝር ተሰርዟል። የጸሐፊነት ቦታውም «በሞት ምክንያት» ክፍት ሆኗል። አቶ ኃይለገብርኤል ራሳቸው አመጡት። በር ላይ ቆመው አልገባም አሉ። ዓይኔን አላዩኝም።

«ደንቡን እንለውጥ ብያቸው ነበር። እንቢ አሉ። ወይዘሮ ጦቢያ ቢኖሩ ኖሮ አይፈቅዱም ነበር አሉ።»

ልክ ናቸው። አልፈቅድም ነበር።

መዝገቡን አስረከብሁ። መደርደሪያው ላይ ያረፈበት ቦታ ከአቧራ ነጻ ሆኖ አራት ማዕዘን ይታያል። አልጠረግሁትም።

በርግጥ... ማን ይመጣል? ያን ቀን።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ቂርቆስ። ቅዳሴው ሳያልፍ ደረስሁ። ማገጃው ክፍት ነበር።

ስመለስ ኦልጅራ ደጄ ላይ ቆሟል። ኮት ለብሷል፤ የሥራ ኮቱን አይደለም። ሰው ሊያገባ የመጣ ይመስላል።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ተናገር።»

«እኛ የሐዲድ ዘበኞች... ከሰንጋ ተራ እስከዚህ ስድስት ነን። ዕድር አንለውም። አንድ ሸራ አለችን። አንዳችን ሐዘን ሲደርስበት እንወጥራታለን፤ አብረነው እንቀመጣለን። በቃ እሱ ነው። ትናንት ነግሬአቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እትዬ ጦቢያ ከኛ ጋር ናቸው አልኳቸው።»

ነጠላዬን አስተካከልሁ።

«ደንብ አላችሁ?» አልሁት።

«የለንም።»

«ቃለ ጉባኤ?»

«የለም።»

«መዝገብስ? መዝገብ እንኳ?»

«የለንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማን አባል እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። ባቡሩን የት አደረግኸው ሲሉት እንዳያቸው አድርጎ።

«እንተዋወቃለን እኮ» አለ።

ሸራዋ ስንት በስንት እንደሆነች ልጠይቅ ነበር። ተውሁት። ግባ፣ ሻይ ጠጣ አልሁት። ገባ። ስንት ማንኪያ ስኳር እንደጨመርሁለት አላስታውስም። ፊቱን ሳያጨማድድ ጠጣው።